በሬሳዬ ላይ እጅ አታስነሡ

እኔ ጉልላት ይመር፣ ደሴ ተወልጄ ካናዳ፣ ካልጋሪ የምሞት፣ ዕድሜዬ ስድሳ ስምንት ዓመት የሆነ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 1996፣ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ባለው ቤቴ ሳሎን ተቀምጬ ይህን ቃል እሰጣለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው፤ ያስገደደኝም የለም። ሆዴ ግን ታሟል። ሐኪሙ ከስድስት ሳምንት የበለጠ ዕድሜ አልሰጠኝም። ቀን ሙሉ ያቅለሸልሸኛል። ሐኪሙ «ከመድኃኒቱ ነው» ይላል። ከመድኃኒቱ ብቻ እንዳልሆነ ይህ ጽሑፍ ሲነበብ ትረዳላችሁ።

ጸሐፊዬ አቶ ዘነበ ነው፤ አገር ቤት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነ። ከአፌ የወጣውን ሁሉ፣ ስድቡንም ሳይቀር፣ እንዲጽፍ አዝዤዋለሁ። እሱና በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች የምታስታምመኝ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ምስክሮቼ ናቸው። ልጄ ሰርክአዲስ፣ ባልዋ ሳሙኤልና ልጃቸው ሐሴት ከጎረቤቱ ከተማ ከኤርድሪ መጥተው ፊቴ ተቀምጠዋል። ሳሙኤል ሰዓቱን እያየ ነው። ዘነበ፣ ይህንንም ጻፍ።

አንደኛ፦ ቤቱ የሰርክአዲስ ነው። ጠበቃው በእንግሊዝኛ ጽፎ ጨርሶታል። እናቷ የዓለምወርቅ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ ባለፈው ጥር እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ፣ ከሥራ ወጥታ እህል ሳትቀምስ እየመጣች ያጠበቻት እሷ ናት። «እንጸልይላታለን» እያለ የሄደው ብዙ ነበር፤ የሁሉንም ጀርባ በመስኮት አይቻለሁ። የጠበቃው ወረቀት ለመንግሥት ይሁን። ይህኛው ግን በቀብሬ ዕለት፣ በወንጌላውያን ጉባኤያችን ፊት፣ መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ይነበብ።

ሁለተኛ፦ ምድር ቤት በካርቶን ያሉት የስብከት ካሴቶች ለማንም አይሰጡ። የቆሻሻ መኪና በሚመጣበት ቀን ይውጡ። ብዙዎቹን እኔው ራሴ ገዝቼ ለሰው አድዬአለሁ፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ባለፈው ወር አንዱን ልስማ ብዬ ከፈትሁት። ሰባኪው በአንድ ከተማ ስንት ነፍስ እንደ ዳነ አራት ጊዜ ነገረኝ፤ ከዳኑት የአንዱን ስም እንኳ አልጠራም። ከብት ሻጭም ቢሆን የላሞቹን ስም ያውቃል። አንገፈገፈኝና ዘጋሁት።

ሦስተኛ፦ ሰማያዊው ደብተሬ የሐሴት ነው። በሐዋርያት ዘመን ወንጌል ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው እንዴት እንደ ተላለፈ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተማርሁበት ነው። እንድርያስ የገዛ ወንድሙን ፈልጎ አገኘ። ጵርስቅላና ባልዋ አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው አስረዱት እንጂ በሰው ፊት አላሳፈሩትም። ፊልጶስም ያንን የእኛን አገር ሰው፣ የንግሥቲቱን ባለሟል፣ በምድረ በዳ ባገኘው ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው። ጠየቀው፤ ሰውየው ሰረገላው ላይ ውጣና ተቀመጥ ብሎ ለመነው፤ ያን ጊዜ ወጣ። ሰረገላው የማን ነበር? የሰሚው። ሰባኪው ቢሰለቸው ሊያወርደው ይችል ነበር።

ይህን ቅዳሜ እያስተማርሁ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን አደርግ ነበር? ታክሲ እነዳ ነበር። ተሳፋሪው ቀበቶውን ሲያስር እኔ ስብከቴን እጀምራለሁ፤ ያውም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። አንድ ቀን በጃንዋሪ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሆኖ፣ አንዲት ሴትዮ መንገዷ ሳይጋመስ «እዚህ አውርደኝ» አለችኝ። ወርዳ በበረዶው ውስጥ በእግሯ ሄደች። ከወንጌሉ አይደለም የሸሸችው፤ ከእኔ ነው። መሄጃ የሌለውን ሰው በር ዘግቶ መስበክ እንዴት ያለ ነውር እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ታክሲዬ ውስጥ ካልተጠየቅሁ ተናግሬ አላውቅም። ሐሴት፣ ይህን በደብተሩ ኅዳግ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዳትዘልዪው። አማርኛው ከከበደሽ እናትሽን ጠይቂ። አባትሽን አትጠይቂ፤ ያሳጥረዋል።

«አይ ካን ሪድ ኢት፣ አባባ፤ ስሎው ነኝ እንጂ» አለች። ቀስ ብሎ ማንበብ ነውር የለውም።

እኔን ወደ ክርስቶስ ያመጣኝ ዘውዱ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። በደርግ ዘመን ደሴ እስር ቤት አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት እንለብስ ነበር። አራት ወር ሙሉ ስለ ጌታ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቅማሌን ይለቅምልኝ፣ እግሬ ሲቆስል ከሚጠጣው ውኃ ቀንሶ ያጥብልኝ ነበር። በአምስተኛው ወር እኔው ራሴ «አንተ ሰው፣ ይህ ነገርህ ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ነገረኝ፤ አመንሁ። ዘውዱ ለማንም ሪፖርት አልጻፈም። ከተፈታን በኋላ እንኳ «ጉልላትን እኔ ነኝ ያዳንሁት» ሲል የሰማ የለም።

አራተኛ፦ መኪናዬን ለመሐመድ እተዋለሁ።

መሐመድ ማን እንደ ሆነ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ቀብሬ ላይ ለሚመጣው እንግዳ ግን ይነገር። ከእኔ ቤት ሦስተኛው በር ላይ ከሚስቱ ከከሚላና ከልጁ ከኸውላ ጋር የሚኖር የወረኢሉ ሰው ነው። እስላም ነው። በፈረንጆቹ 1985 በኤርፖርቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተዋወቅን፤ የወሎ አነጋገሬን ሰምቶ ከመኪናው ወርዶ መጣ። ዐሥራ አንድ ዓመት ተረኛ እስክንሆን ስንጠብቅ አውርተናል። ስለ ኢየሱስ ጠይቆኝ ነግሬዋለሁ። ስለ ሶላቱ ጠይቄው ነግሮኛል። ተከራክረን ሁለት ቀን እንኳረፍና በሦስተኛው ቀን ማን እንደ ጀመረው ረስተን እንስቃለን። እኔ የማምነውን እንዲያምን እፈልግ ነበር፤ ዛሬም እፈልጋለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን ጓደኛዬ እንጂ አዝመራዬ አልነበረም።

«አባዬ፣ መኪናውን ለሱ?» አለ ሳሙኤል። «ሐሴት እኮ ኔክስት ይር ላይሰንስ ታወጣለች።»

ዝም በል ሳሙኤል፤ ወደ አንተ እየመጣሁ ነው።

አምስተኛ፦ ለአማቼ ለሳሙኤል፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ከክረምት ካፖርቶቹ ኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ያቆምሁትን ፍሬም እተውለታለሁ። በመኝታ ቤቱ፣ ከአልጋው ትይዩ ይስቀለው። ፍሬሙ ውስጥ ያለው የጉባኤያችን ጋዜጣ የፊት ገጽ ነው። እንዲህ ይላል፦ «በአባታችን በጉልላት የግል ምስክርነት፣ ከፓይንሪጅ ወንድም መሐመድ ከእስልምና ወደ ጌታ መጣ።» ጉባኤው በጭብጨባ የሸለመኝ ነው። ሳየው ምራቄ ይመራል።

እውነቱ ይህ ነው፤ ምስክሮች ጆሮአችሁን ስጡኝ።

ባለፈው ዓመት መስከረም፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ጉባኤያችን አዳራሽ ተከራይቶ እራት ጋበዘ። መሐመድን የጠራሁት እኔ ነኝ። የዓለምወርቅ ታማ ተኝታ ስለ ነበረች ብቻዬን እንዳልቀመጥ ብሎ መጣ። ከሌላ ከተማ የመጣው ሰባኪ ከራት በኋላ ሁላችን ዓይናችንን ጨፍነን እንድንጸልይ ጠየቀ። መጀመሪያ ስለ በሽተኞች ጸለየ፤ የዓለምወርቅን በስም ጠራት። ከዚያ አሜን ሳይል፣ ያንኑ ጸሎት ሳያቋርጥ፣ «ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሣ» አለ። ሳሙኤል የወንጌል ክፍሉ ኃላፊ ነው። ከኋላ ቆሞ ይቆጥር ነበር። በዚያ ዓመት ስንት ነፍስ መግባት እንዳለበት አስቀድሞ በዕቅድ ተጽፎ ነበርና፣ ቁጥሩ ሳይሞላ እየቀረ ጭንቅ ላይ ነበሩ። ነፍስ በኮታ! እንደ ደርግ ዘመን እህል።

መሐመድ እጆቹን ዘርግቶ ነበር። እኛ ወሎዎች ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ለታመመ ሲለመን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፋችንን ወደ ላይ ዘርግተን አሚን እንላለን። እናቴ እንኳ፣ ማተቧን ያሰረች ክርስቲያን፣ በጎረቤት ዱዓ ላይ እጇን ትዘረጋ ነበር። መሐመድ ለሚስቴ እየለመነ ነበር። ሰባኪው ወደ ሌላ ነገር እንደ ተሻገረ ልብ አላለም። ሲጨርስ በመዳፎቹ ፊቱን አበሰና ሺፍት ስለ ነበረበት ለእኔ አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ከኋላ ለቆመ ሰው እጁን ያነሣ ይመስላል። ሳሙኤል ስሙን ያውቃልና ጌታን ለተቀበለ ሰው የሚሞላውን ካርድ ራሱ ሞላ። ደጅ ወጥቶ «ወንድሜ፣ ምን ፈልገህ ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው የለም። ፊልጶስ አንዱን ሰው ለመጠየቅ ከሰረገላ ጋር ሮጧል፤ የእኛዎቹ እስከ በር መሄድ ከበዳቸው።

«አባዬ፣ ፕሊስ» አለ ሳሙኤል፤ ቆሟል። «እኔ ያየሁትን ነው በኦነስቲ የጻፍኩት። ሪፖርቱ ደግሞ ለሕዝቡ ኢንከሬጅመንት ነበር። ይሄ ነገር ቀብር ላይ ቢነበብ ለቸርቹ ሼም ነው።»

ተቀመጥ ልጄ። አንተ አዲስ አበባ ነው ያደግኸው፤ አላወቅህም። የአንተ ጥፋት አለመጠየቅህ ነው። የምጸየፈው ሌላ ሰው አለ። ዘነበ፣ ይህን በትልቁ ጻፈው፦ እኔ ዓይኔን አልጨፈንሁም ነበር። አጠገቡ ነበርሁ። እጆቹን አይቻለሁ፤ ከንፈሩ የሚስቴን ስም ሲጠራ አይቻለሁ። የወሎ ልጅ ሆኜ የዱዓ እጅ ጠፋኝ ልበል? ዜናው ሲታወጅ ጉባኤው ተነሥቶ አጨበጨበ። ወደ ፊት ጠሩኝ። ማይክራፎኑን ያዝሁና «እግዚአብሔር ታማኝ ነው» አልሁ። እሱማ ታማኝ ነው። ውሸታሙ እኔ ነኝ።

በጥቅምት መሐመድ ጋዜጣውን ይዞ ደጄ ቆመ።

«ጋሼ ጉልላት፣ ይሄ እኔ ነኝ?»

«ልጆቹ ናቸው የጻፉት» አልሁት።

«እንግዲያው እርስዎ ያስተካክሉልኝ። የኸውላ ኒካሕ ሊታሰር ወር አልቀረውም። የልጁ ቤተሰቦች ኤድመንተን ወረቀቱ ደርሷቸው ኮል እያደረጉ ነው። ከሚላ ስልክ ማንሣት ፈርታለች።»

«እሑድ አስነግራለሁ።»

እሑድ ደረሰ። ልናገር ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ሰዎቹ ሲያዩኝ አጨበጨቡ። ተቀመጥሁ። በሚቀጥለው እሑድ ጭራሽ አልተነሣሁም።

ኒካሑ፣ የልጅቷ ጋብቻ፣ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ከዚያም ቀረ። መሐመድ በሃምሳ ዓመቱ ከሱቅ ሱቅ፣ ከመስጊድ መስጊድ እየዞረ ሃይማኖቱን እንዳልለወጠ አስረዳ። ከሚላ ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች። የዓለምወርቅ በሞተች ጊዜ ግን መሐመድ ቀብሯ ላይ አፈር አለበሰ፤ ሐዘን እስክንወጣ ድረስ በየማለዳው ደጄን በረዶ ጠረገልኝ። ስለ ጋዜጣው ዳግመኛ አላነሣብኝም። እኔ በመስኮት እያየሁት ሻይ እጠጣ ነበር። ሰው እንደ እኔ ሲበሰብስ ሽታው ለራሱም ይደርሰዋል።

ስለዚህ በዚህ ኑዛዜ እመሰክራለሁ፦ መሐመድ እስላም ነበር፤ እስላም ነው። ያን ቀን ያደረገው ለታመመች ጎረቤቱ መለመን ብቻ ነው።

ስድስተኛ፦ ቀብሬን በተመለከተ። በሬሳዬ ላይ እጅ አታስነሡ። የምታለቅሰዋን ሴት፣ ከዳር የቆመውን እንግዳ፣ ሊሰናበተኝ የመጣውን የታክሲ ሾፌር አታጥምዱ። ካርድ አይታደል፤ መቁጠሪያ ይዞ ከኋላ የሚቆም ሰው ካለ አስወጡት። ጌታን የሚፈልግ ሰው ካለ አንዳችሁ ቤቱ ሂዱ፤ ጠይቁት፤ ግባ እስኪላችሁ ደጅ ቁሙ።

እዚህ ላይ ሐሴት አቋረጠችኝ። ዘነበ፣ እንዳለችው ጻፈው።

«አባባ፣ ላይክ፣ አይ ዶንት ጌት ኢት። ጋሼ መሐመድ እዚሁ ናቸው፣ ሦስተኛው በር። ለምን መጀመሪያ ትሞታለህ?»

«አንቱ በይ!» አለቻት እናቷ።

ተቆጣሁ። ልጅ ስለሆነች አይደለም፤ ተደብቄ ስላገኘችኝ ነው። ሙት አይጠየቅም፤ ሙት ሲያፍር አይታይም። ፀሐይወርቅ እንኳ ራሷን አቀርቅራ መድኃኒቴን ትቆጥራለች። እስከ አሁን የጻፍሁትን ይህን ወረቀት ራሱን ተጸየፍሁት። ለካ ዛሬም ከጭብጨባው ልደበቅ ነበር፤ አሁን መደበቂያዬ የሬሳ ሣጥን ሆነ እንጂ።

ልጅቷ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። መሐመድ ከነ ሥራ ጃኬቱ ተከትሏት መጣ። ተቀመጥ አልሁት፤ አልተቀመጠም። ዘነበ አራተኛውንና አምስተኛውን አነበበለት። ሲጨርስ መሐመድ፦

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ጨፍነው አልነበረም?» አለኝ።

«አልጨፈንሁም።»

«እኔ እኮ ለከሚላ ‹ሽማግሌው አላዩም፤ ቢያዩ ኖሮ ዝም አይሉም› እላታለሁ። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ለእርስዎ የተሟገትኩት እኔ ነኝ።»

የመኪናውን ቁልፍ ዘረጋሁለት። ፊርማዬን ሳልፈርም እንኳ ልሰጠው ፈለግሁ።

«መኪና አለኝ ጋሼ። ነገ እሑድ ነው። መቆም ይችላሉ?»

«በዊልቸር።»

«እኔ ፒክ አደርግዎታለሁ። እዚያው ቸርች ድረስ አደርስዎታለሁ። ይሄን ወረቀት እርስዎ ራስዎ ያነቡታል፣ በሕይወት። እኔ አልገባም፤ ፓርክ አድርጌ ደጅ እጠብቃለሁ። ከዚያ እኛ ቤት ገብተው ለኸውላ ይነግሯታል። ከሷ በኋላ እንነጋገራለን።»

ስለዚህ በቀብሬ ዕለት ይነበብ ያልሁት ተሰርዟል። ነገ ኅዳር ፳፪ ቀን በጉባኤው ፊት እኔው ራሴ አነበዋለሁ። ቢያጨበጭቡም አላቆምም፤ ቢያጉረመርሙም አላቆምም። እስከ ነገ ካልደረስሁ ሐሴት ታንብበው፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር። መኪናው መሐመድ ስላልተቀበለኝ ለእሷ ይሁን፤ የምታሳፍረውን ሰው ግን ከመስበኳ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ትጠይቀው። ሳሙኤል ፍሬሙን ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ ጭኑ ላይ ይዞታል። ይህም ከእሱ ብዙ ነው።

ቃሌ ይህ ነው። ተነቦልኝ ሰምቼ ፈርሜአለሁ።

ጉልላት ይመር፣ ተናዛዥ።

ዘነበ፣ ጸሐፊና ምስክር። ከአፉ እንደ ወጣ ጽፌአለሁ፤ በወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልመና ሁለት ስድብ ብቻ ቀርቷል።

ፀሐይወርቅ፣ ምስክር።

ሦስተኛ ምስክር፣ ምንም ያልወረስሁ፣ መሐመድ። የፈረምሁት በጆሮዬ ስለ ሰማሁ ነው። ይቅር ብሏል ተብሎ እንዳይቆጠርብኝ።